ነዳጅ የምትጠጣ፣ ቆማ የምትንቀጠቀጥ አሮጌ መኪና፦ መጀመሪያ ብሩ ምኑ ላይ ይውጣ?

ቀይ መብራት ላይ ቆማችኋል። መሪው እጃችሁ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። የኋላ ማያ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሚኒባስ ሁለት ሆኖ ይታያል። ሞተሩ «ልጥፋ ወይስ ልቆይ» እያለ ያመነታል። እናንተም እንዳይጠፋ በእግራችሁ ጫፍ ነዳጅ ትሰጣላችሁ። ማደያ ስትደርሱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የቀዳችሁት ቤንዚን የት እንደገባ አይታወቅም።

በዚህ ሁኔታ ጋራዥ የገባ ሰው ከአምስት መካኒክ አምስት ነገር ይሰማል። አንዱ ካንዴላ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ዕቃ፣ ቀይር ይለዋል። ሌላው ኢንጀክተሩን፣ ቤንዚን የሚረጨውን፣ አሳጥብ። ሦስተኛው በኮምፒውተር ይታይ። አራተኛው ሴንሰር ነው ብሎ ይምላል። አምስተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሄማ ሞተሩ መውረድ አለበት» ይላል። አምስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ወጪያቸው ግን አይገናኝም። ካንዴላ መቀየርና ሞተር ማውረድ መሀል ያለው ርቀት የአንድ ቀን ምሳና የሠርግ ድግስ ያህል ነው።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ይልቅ «ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ለማወቅ ስንት ያስወጣኛል?» ብዬ ነው የምነሳው። አንዳንዱ ነገር በነፃ ይፈተናል። አንዳንዱ ካልገዛችሁት አይታወቅም። ኪሳችሁን የሚያድነው ይህ ልዩነት ነው።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። የኔዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች 1.3 ሊትር ኮሮላ ናት። አንድ ክረምት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ካንዴላ ቀየርኩ። ለሦስት ቀን የተሻላት መሰለኝ፤ ከዚያ ባሰባት። አንድ ቦታ በኮምፒውተር አዩልኝና ኦክሲጅን ሴንሰር ነው አሉ። ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ ለውጥ የለም። እዚያው ሞተሩ ይከፈት የሚል ሐሳብ መጣ። እንደምንም ተላቅቄ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ምልክቱን መዘርዘር ስጀምር «እስኪ ዝም በል ልጄ፣ እንስማት» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ኋላ አስጠጉ። ቀጭን «ሲስስ» የሚል ድምፅ አለ። ከሞተሩ ወጥታ ወደ አንድ ትንሽ ሴንሰር የምትሄድ፣ ከእርሳስ ብዙም የማትወፍር የጎማ ቱቦ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች። በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን ሲደፍኑት ሞተሩ እሹሩሩ እንደተባለ ሕፃን ጸጥ አለ። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጠው መልሰው ሰኩት። በቃ።

ያቺ ቱቦ እንዴት ያን ሁሉ ጣጣ እንዳመጣች ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በነፃ ከሚታወቀው እንጀምር።

በእርግጥ ትጠጣለች ወይ?

«ነዳጅ በዛብኝ» የሚል ሰው ሁሉ መኪናው ታማበታለች ማለት አይደለም። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። በየቀኑ መገናኛ ላይ አንድ ሰዓት ሳትነቃነቁ የምትቆሙ ከሆነ፣ በወር 15 ሊትር ገደማ አንድ ሜትር ሳያስኬዳችሁ ይጠፋል። ይህን ካንዴላ አያድነውም። ከሰፈር መቀየር፣ አዲስ ሥራ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ጋር አብሮ የመጣ «ብክነት» ከሆነ መንገዱን ጠርጥሩ።

መለካት ቀላል ነው። መቅጃው ጠቅ ብሎ በራሱ እስኪቆም ፉል አስደርጉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። እንደወትሮው ንዱ። ከዚያ እዚያው ማደያ፣ ቢቻል እዚያው ማሽን ላይ እንደገና ፉል አድርጉ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለተቀዳው ሊትር አካፍሉ። እኔ በዚያ ክረምት 268 ኪሎ ሜትር ነድቼ 33 ሊትር ገባላት፤ በሊትር 8.1 ማለት ነው። ጤነኛ ብትሆን 12 መድረስ ነበረባት። ነዳጅ በቴሌብር መክፈል ከመጣ ወዲህ ደግሞ መዝገቡ ስልካችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ያለፉትን ወራት መልእክቶች ወደ ኋላ ብትመለከቱ መኪናዋ መቼ እንደጀመራት ትደርሱበታላችሁ። አንድ ጊዜ መለካት ግን ያታልላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሁን።

ሞተር ሳትነኩ የሚታዩ ሁለት ነገሮችም አሉ። ጎሚስታ ዘንድ ጎራ ብላችሁ ነፋሱን አስለኩ፤ ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ከመንገድ እንደመጣችሁ ደግሞ እጃችሁን ወደ አራቱ ቸርኬዎች አስጠጉ፤ አትንኩ፣ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ያኔ ሞተሩ ምንም አላጠፋም፤ ፍሬን እየጎተተ ነው የሚሄደው። እነዚህ ሁለቱ ግን ነዳጅ ያስጠጣሉ እንጂ መኪና ቆማ አያንቀጠቅጡም። ነዳጅ መጠጣቱም መንቀጥቀጡም አብረው ካሉ ሞተሩ ጋ ግቡ።

ከሁሉም በፊት አንድ ክልከላ

ሚኒሞውን፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ማንም እንዳይነካባችሁ። ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ይዛችሁ ስትገቡ፣ የቸኮለ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው ካቻቢቴ አውጥቶ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን መንቀጥቀጡ ይደበቃል። እናንተም ተደስታችሁ ትሄዳላችሁ። በሽታው ግን እዚያው ነው፤ አሁን ደግሞ በቆማችሁ ቁጥር ተጨማሪ ነዳጅ ታቃጥላላችሁ። የአብዛኞቹ አራት ሲሊንደር (አራት የማቃጠያ ክፍል) ያላቸው ቶዮታዎች ሚኒሞ ሞተሩ ሲሞቅ በደቂቃ ከ650 እስከ 800 ዙር ነው። ሚኒሞ የሚስተካከለው ሌላው ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

ካንዴላ፦ መቀየር ወይስ ማንበብ?

ካንዴላ ሁሉም የሚጀምርበት ነገር ነው፤ መጀመሩም ልክ ነው። ስህተቱ አሮጌውን ሳያዩ መጣል ነው። ካንዴላ በየሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የወጣ መስካሪ ነው። አራቱንም አስፈቱና በተራቸው ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ እንዳይደባለቅ።

ጫፋቸው ቡና በወተት ዓይነት ቀለም ካለው ቃጠሎው ደህና ነው። አራቱም እንደ ምጣድ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆኑ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ጥፋቱ የሁሉም የጋራ ከሆነ ነገር ነው የሚመጣው። አንዷ ብቻ ጠቁራ ሦስቱ ደህና ከሆኑ የዚያች ሲሊንደር እሳት ደክሟል፤ ኬብሏን፣ እሳቱን የምታመነጨውን ቦቢናዋን፣ ካልሆነም የኢንጀክተሯን ጤና ፈትሹ። ዘይት ያረጠባት ካለች ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ነጣ ብላ የተቃጠለች ካለች አየር በዝቷል ወይም ሙቀት አለ። የኔ አራቱም ጥላሸት ነበሩ። ያኔ ማንበብ ባውቅ ኖሮ አዲስ ካንዴላ መፍትሔ እንደማይሆን ይገባኝ ነበር። አዲሶቹም በሳምንታቸው ጠቆሩ።

በሦስት ሲሊንደር እየሠራች እንደሆነ ለማወቅ ሌላ መንገድ አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ የአንዷን ካንዴላ ኬብል ንቀሉ፤ ጫፉ ከብረቱ ይራቅ። አስነሱና ስሙ፤ መልሳችሁ አጥፉና ሰኩ፤ ወደ ቀጣይዋ እለፉ። ሲነቀል ሞተሩን ይበልጥ የሚያደክም ኬብል ሲሊንደሩ እየሠራ ነው። ነቅላችሁት ምንም ለውጥ ካላመጣ ደካማዋን አገኛችሁ። በኢንጀክተር ለሚሠሩት ከካንዴላው ኬብል ይልቅ የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ይሻላል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታ (ወደ ጭስ መውጫው) አይሄድም። የበራ ሞተር ላይ የካንዴላ ኬብል በባዶ እጅ አትንቀሉ። አንድ ጊዜ ከነዘራችሁ ምክሬን ታስታውሳላችሁ።

ኬብሎቹን በነፃ መፈተሽ ከፈለጋችሁ ጨለማ ጠብቁ። ማታ ኮፈን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። በኬብሎቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ የሚሮጥ ካያችሁ እሳቱ ካንዴላ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

መግዛቱ ላይ ስንመጣ፣ ርካሽና ኦሪጅናል መሀል የምመርጠው ይህ ነው፦ ለአሮጌ ሞተር ተራው የኒኬል ካንዴላ በቂ ነው። ውዱ ኢሪዲየም የሚበልጠው ዕድሜው ላይ ነው እንጂ በታመመ ሞተር ላይ ተአምር አይሠራም። ገበያው ውስጥ ደግሞ የዴንሶና የኤንጂኬ ስም የተጻፈባቸው አስመስሎ የተሠሩ ካንዴላዎች ሞልተዋል። ኢሪዲየም በተራው ዋጋ ከተሰጣችሁ ኢሪዲየም አይደለም። እውነተኛ ተራ ካንዴላ ከውሸት ኢሪዲየም ይሻላል። ከመግጠማችሁ በፊት ክፍተቱን አስለኩ፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው።

ካርቡሬተር ላላቸው

ካርቡሬተር በአሮጌ ሞተሮች ላይ ነዳጅና አየር የሚቀይጠው ዕቃ ነው። ኮሮላ ዲኤክስና የእሷ እኩዮች በዚህ ውስጥ ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ኮምፒውተር የለውም። ነዳጁ የሚያልፍባቸው ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ስፋታቸው የተለካው ለቆላ አገር አየር ነው። ስለዚህ ምንም ያልታመመ ካርቡሬተር እንኳን እዚህ ከአየሩ ጋር ሲመጣጠን ነዳጅ ያበዛል። ወደ አዋሽ ወርዳችሁ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት፣ ተሻላት» ያላችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

እንግዲህ ምርጫው ሦስት ነው፤ ማጠብ፣ ማስተካከል፣ በአዲስ መተካት። እኔ ማጠብን አስቀድማለሁ፤ ግን በትክክል ከተሠራ። ፈትቶ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ መልሶ መግጠም ማጠብ አይደለም። ቀዳዳዎቹ በአየር መነፋት አለባቸው፤ በሽቦ መጎርጎር የለባቸውም፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ያኔ ለዘላለም ነዳጅ ጠጪ ሆናችሁ ቀራችሁ። ጓርኒሲዮኖቹ (በመጋጠሚያዎቹ መሀል የሚገቡት ማሸጊያዎች) አዲስ ይሁኑ። ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ቁመቷ ይለካ፤ ትንሽ ከፍ ካለች ነዳጅ ያጥለቀልቃል። ከዚያ ቅይጡ ለደጋ አየር ይስተካከላል። አዲሱን የኮፒ ካርቡሬተር በተመለከተ ደግሞ፣ አሮጌው አካሉ እስካልተሰነጠቀና ዘንጉ እስካልተበላ ድረስ አልመክርም። አሮጌ ኦሪጅናል ታጥቦ ከአዲስ ኮፒ የተሻለ ሲሠራ ነው ያየሁት።

ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት ግን ፑንቲናውን፣ ማለትም እሳት ወደ ካንዴላ የሚላክበትን ጊዜ የሚወስነውን መገናኛ፣ አሳዩ። ክፍተቱ ሲበላሽ እሳቱ ይደክማል፣ ጊዜውም ይዛባል፤ ምልክቱ ከካርቡሬተር ችግር ጋር አንድ ነው። ስንት ጤነኛ ካርቡሬተር በፑንቲና ጥፋት ተፈትቷል።

ኢንጀክተር ላላቸው፦ ጽዳት፣ ኮምፒውተር ወይስ ሴንሰር?

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው።

ጽዳት ሁለት ዓይነት ነው። ትሮትል ቦዲ (የሞተሩን የአየር መግቢያ) ማጽዳት ርካሽ ነው፤ ቆሞ መንቀጥቀጥ ላይም ብዙ ጊዜ ይሠራል። የአየር መግቢያው ክዳን ጠርዝ ላይ ጥቁር ቅባት ሲጋገር፣ ሚኒሞ ላይ የምታስፈልገው ትንሽ አየር መግቢያ ታጣለች። አሥር ዓመት ያልተነካ ከሆነ ዓይናችሁን ሳታሹ አሠሩት። ካጸዱት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ ኮምፒውተሩ እስኪለምድ ታገሡት። ኢንጀክተር ማጠብ ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው። አውልቆ ማሽን ላይ አጥቦ የአራቱን ፍሰት ጎን ለጎን የሚያሳያችሁ ቦታ ካለ ዋጋ አለው። ማደያ የሚሸጠውን ጠርሙስ ታንከር ውስጥ መጨመር ግን ለመከላከል እንጂ ለታመመ ሞተር አይደለም። ሦስት ጠርሙስ የሚገዛበት ገንዘብ ለትሮትል ቦዲው ጽዳት ቢውል ይሻላል።

ኮምፒውተር ማየት የሚጠቅመው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ሰጪ ነው። የኔን ታሪክ አስታውሱ። ኮምፒውተሩ ስለ ኦክሲጅን ሴንሰር ኮድ ሰጠ። ሴንሰሩ ግን ያጠፋው የለም። ሥራው ጭሱን ማሽተት ነው፤ «ነዳጅ በዝቷል» ብሎ በትክክል ጮኸ። ሰውየው ጩኸቱን ትቶ ጯሂውን ቀየረ። ነዳጁ የበዛው በዚያች በተሰነጠቀችው ቱቦ ነው። ቱቦዋ የምትደርሰው ሞተሩ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ወደሚለካው ማፕ ሴንሰር ነው። ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሆን ውስጡ ወደ ባዶ ይጠጋል። ቱቦዋ ስትሰነጠቅ የውጭ አየር ገብቶ ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ ሴንሰሩ ደግሞ መኪናዋ እንጦጦን እየወጣች ነው ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩም ቆማ ላለች መኪና የዳገት ነዳጅ ይልክላታል።

እና ኮምፒውተር ቤት ስትገቡ ኮዱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። «ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ቁጥሮቹን አሳየኝ» በሉ። የውሃውን ሙቀት፣ የማፕ ሴንሰሩን ንባብ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ ማየት ይቻላል። ይህን የሚያሳይና የሚያስረዳ ባለሙያ ሁለት እጥፍ ቢያስከፍል ይሻላል። ኮድ አጥፍቶ «ተስተካክሏል» የሚለው ግን መብራቱን ነው ያስተካከለው። በስልክ የሚሠራውን ትንሹን ስካነር ገዝቶ ራስን ማየትም አለ። ሆኖም ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ የቆዩ ቶዮታዎች ጋር ሶኬቱ ገጥሞ እንኳ የማይግባባበት ጊዜ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛ ተውሳችሁ ሞክሩት።

ሴንሰር መቀየር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱ ዝጓል ወይ፣ ሽቦው ተቆርጧል ወይ፣ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሴንሰሮች ሁሉ መጀመሪያ የምጠረጥረው የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ነው። ዋጋው ቀላል ነው። ሲበላሽ ሞተሩ የጋለ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ብርድ ላይ ያደረ ይመስለዋል፤ ነዳጅም ያበዛል። በመልቲሜትር በደቂቃ ይፈተናል።

የቱቦ ስንጥቅ ፍለጋ ደግሞ ነፃ ነው። ከሞተሩ የአየር መግቢያ የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣታችሁ ጨምቁ። አንዷን ስትጨምቁ የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ ወይም መንቀጥቀጡ ከቆመ መስመሯን ተከተሉ። የፍሬን ረዳቱን ወፍራም ቱቦ አትርሱ። አንዳንዶች የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ ይፈልጋሉ፤ ይሠራል፣ ግን የጋለ ሞተር ላይ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት ነው። እኔ አንድ ክንድ የምትሆን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጆሮዬ ላይ ይዤ እሰማለሁ። እንደ ሐኪም ማዳመጫ ናት። የማራገቢያ ቀበቶው አጠገብ ግን እጅጌያችሁን ጠቅልሉ።

ሞተር መክፈት ወይስ ሌላ ሞተር?

እዚህ ከመድረሳችሁ በፊት የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) ልኬት ይደረግ። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ጌጅ ገብቶ የሚለካ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሳይለካ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ።

ቁጥሩን ስታነቡ ግን ከፍታችንን አትርሱ። የመኪናዋ መመሪያ 13 ባር ካለ ያ ለባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛው ሞተር 10 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። በዚህ ቁጥር ብቻ ደንግጦ ሞተር የከፈተ ሰው አውቃለሁ። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በአራቱ መሀል ያለው ልዩነት ነው የሚናገረው። ሦስቱ 10 ሆነው አንዷ 6 ከሆነች ችግር አለ። በዚያች ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና አስለኩ። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻዋ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ካልጨመረ ቫልቭ ነው፣ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን።

ይህ ልዩነት ሂሳቡን ይቀይረዋል። ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ከሆነ ቴስታታው ብቻ ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ የታችኛው ሞተር አይነካም። ይህን አሠሩት፤ አሮጌ ሞተር ላይ ከሚወጡ ትልልቅ ወጪዎች ውስጥ የሚያዋጣው ይህ ነው። ፋሻ ከሆነ ግን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሙሉ ሞተር ማሠራት፣ ሁለተኛው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር መግዛት። ያገለገለው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይገጠማል። ነገር ግን የምትገዙት የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ቢቻል ሲሠራ ሳትሰሙ፣ ካልተቻለም ኮምፕሬሽኑን ሳታስለኩ አትክፈሉ። ሊብሬያችሁ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ የተቀየረው ሞተር ሕጋዊ ወረቀት ከሌለው የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ጣጣ ነው። የራስን ሞተር ማሠራት ጊዜ ይወስዳል። ጥሩ ባለሙያና ጥሩ ዕቃ ካገኛችሁ ግን ምን እንደተገጠመ ታውቃላችሁ። እኔ ብሆን መኪናዋን ከሦስት ዓመት በላይ ልይዛት ካሰብኩ አሠራለሁ፤ ካልሆነ እቀይራለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «አሮጌዋን ሸጬ ሻል ያለች ልግዛ» የሚለው ስሌት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ጭሱም ይናገራል፤ ባጭሩ። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ሞተር አይከፈትም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ከሆነና ራዲያተሩ ውሃ የሚጨርስ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ አትንዷት።

ለኪሳችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው

ገንዘብ ምንም ከሌለ ቱቦዎቹን ጨምቁ፣ ጎማ ንፉ፣ እጃችሁን ወደ ቸርኬ አስጠጉ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ አንሡት፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም በወጉ አያሳልፍም። ትንሽ ካለ ካንዴላውን አንብባችሁ ቀይሩ፣ ትሮትል ቦዲውን ወይም ካርቡሬተሩን አጽዱ። ከዚያ ካልተሻላት ቁጥር የሚያሳያችሁ ኮምፒውተር። ከዚያ ኮምፕሬሽን። ሁለት ነገር በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ ከተሻላት የትኛው እንዳዳናት አታውቁም፣ ካልተሻላት ደግሞ የትኛውን እንደምትመልሱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት። ቴርሞስታት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያግደው ዕቃ። ብዙ ጋራዦች «መኪናዋ እንዳትግል» ብለው አውጥተው ይጥሉታል። ሞተር ግን የሚሠራበት ልክ ሙቀት አለው፤ እዚያ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ጠዋት ነው ብሎ ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱም ይወፍራል። ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ አለ፦ በቀዝቃዛ ቀን ረጅም መንገድ ስትነዱ የሙቀት መርፌው ከመሀል በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ፣ ቴርሞስታት የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል።

የኔዋም አልነበራትም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው ያስወጣው። ያቺ ቱቦ ከተሠራች በኋላ ለካሁ፤ ከ8.1 ወደ 10.9 ወጣች። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ግን 12 አልደረሰችም። ቴርሞስታት ገዝቼ አስመለስኩ። ጋራዡ ውስጥ አንዱ ልጅ «ወንድሜ፣ ትግልብሃለች» አለኝ። አልጋለችም። መርፌው መሀል ላይ መጥቶ ቆመ። በሚቀጥለው ፉል 12.3 አለች።